የአባቴን ያህል ይከፋብኝ ይሆን? ለሞጣዋ እህታችን

እህቴ፣ «አባቴ በአስም ሲሰቃይ ኖሮ አረፈ፤ እኔንም በ38 ዓመቴ ጀመረኝ፤ የእርሱን ያህል ይከፋብኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ነፍሳቸውን ይማር። ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ እናቴ ደብረ ማርቆስ በክረምቱ ብርድ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ስታነጋ አይቻለሁና።

አስም በዘር ይወረሳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ብቻውን አስም የሚያመጣ አንድ ዘረመል (ጂን) የለም። እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ ከ100 በላይ የዘረመል ቦታዎች ተለይተዋል። ከሁሉ የታወቀው በ2007 እ.ኤ.አ. በ17ኛው ክሮሞሶም (ዘረመሎች የተደረደሩበት ክር) ላይ የተገኘው ሲሆን፣ አጥብቆ የተያያዘው በልጅነት ከሚጀምር አስም ጋር ነው። እንደ አንቺ በጉልምስና በሚጀምረው ላይ የዘር ድርሻ ያንሳል፤ ጭስ፣ የሥራ ቦታ አቧራና ውፍረት ይበረታሉ። ደግሞም ለበሽታው የሚያጋልጠውና በሽታውን የሚያከፋው ዘረመል ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ስለዚህ የአባትሽ ሕመም መክፋት የአንቺን አይወስንም።

ይልቅስ እኔ ልጠይቅሽ፦ እንጀራ የምትጋግሪው በኩበት ነው? ጤፍ ሲወቃ አውድማ ላይ ትውያለሽ? መድኃኒትሽስ? ብዙ ሰው ሲያፍነው ብቻ ሳልቡታሞል ይስባል፤ እርሱ የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ በውስጥ ያለውን ብግነት (የቧንቧውን መቆጣትና ማበጥ) አያበርድም። ያንን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት ነው፤ ተሻለኝ ብለሽ በራስሽ አታቋርጪው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የአባትሽንም ታሪክ ንገሪው።