ዘይት «ከወፈረ» ለምን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል?

ጥያቄ፦ ጎንደር አዘዞ የፊዚክስ መምህር ነኝ። «ዘይት ከውሃ ይወፍራል» ብዬ ሳስተምር አንዲት ተማሪ «ታዲያ ለምን ላይ ይንሳፈፋል?» ብላ አፋጠጠችኝ። ቪስኮሲቲን፣ ማለትም ፈሳሽ ላለመፍሰስ የሚያሳየውን እምቢታ፣ ምን ልበለው? ውፍረት፣ ክብደት ወይስ ዝልግልግነት?

መልስ፦ ተማሪዋ ያፋጠጠችዎት በቃሉ ነው፤ ፊዚክሱስ ልክ ነው። ጓዳ ውስጥ «ወጡ ቀጠነ»፣ «ገንፎው ወፈረ» ስንል ስለ አፈሳሰስ ማውራታችን ነው፤ ማንም አይሳሳትም። ክፍል ውስጥ ግን ውፍረት የጣውላም ልክ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ላይ ስለተኛ ዘይት «ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ነው» ቢሉ ተማሪው ማስመሪያ ያነሳል። ክብደትማ ጭራሽ አይሆንም። የሚያንሳፍፈው እፍግታ፣ ማለትም በእኩል መጠን ውስጥ ያለው ክብደት፣ ነው፦ አንድ ሊትር ውሃ 1000 ግራም፣ የምግብ ዘይት 920 ገደማ፣ ማር 1400 ገደማ ይመዝናል። ላለመፍሰስ በሚያሳዩት እምቢታ ከሄድን ግን ዘይት ውሃን በአሥሮች፣ ማር ደግሞ በሺዎች እጥፍ ይበልጠዋል። የሁለቱ ሰልፍ አንድ አይደለም።

ስለዚህ ዝልግልግነት ይበሉ። «የሚዝለገለገው ተልባ ነው፤ ውሃ ምኑ ይዝለገለጋል?» የሚል አይጠፋም። ክብደትም እኮ የወጣው «ከበደ» ከሚለው ነው፤ ላባ ክብደት የላትም የሚል ግን የለም።

ስለ መውረድ ስናወራ ግሡም ይለያል። ድንጋይ ከገደል ይወድቃል፣ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ደቃቅ ነገር ቀስ ብሎ ሲወርድ ይዘቅጣል። ጠላ የሚጠልለው አተላው ሲዘቅጥ ነው። የሚወርደውን ነገር ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፤ የፈሳሹ ሽቅብ ግፊትና ጉተታ (እንቅስቃሴውን ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል) ይመክቱታል። ሦስቱ ሲቻቻሉ ፍጥነቱ አይጨምርም። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ በ1851 እ.ኤ.አ. ቀስ ብሎ ለሚወርድ ትንሽ ሉል ጉተታውን 6 × ፓይ × ዝልግልግነት × ራዲየስ × ፍጥነት ብሎ አስቀመጠው። ከዚህ የሚወጣው ነገር ደስ ይላል፦ የቅንጣቷ ራዲየስ በግማሽ ሲያንስ የመዝቀጫ ፍጥነቷ ወደ ሩብ ይወርዳል። የደቃቁ አተላ መዘግየት ከዚህ ነው።

ለተማሪዋ ሦስት ብርጭቆ ያቅርቡ፤ ውሃ፣ ዘይት፣ ማር። እኩል የሆኑ የመስታወት ብዮችን ከፈሳሹ ገጽ ላይ ይልቀቁ፤ ከፍ አድርገው ከጣሉት ይዞት የመጣው ፍጥነት ልኬቱን ያበላሻል። ብርጭቆው ሰፊ ይሁን፤ ግድግዳው ሲቀርብ ብዩ ይዘገያል። ውሃ ውስጥ በስቶክስ ቀመር አያስሉ፤ ብዩ ፈጥኖ ስለሚወርድ ውሃው ይታወካል፣ ቀመሩም አይሠራም። ማሩን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ይድገሙት፤ እፍግታው እምብዛም ሳይለወጥ ብዩ ሲፈጥን ያዩታል። የረጋ ማር ግን አይጠቀሙ። ረጋ ማለት ዝልግልግነቱ ጨመረ ማለት ብቻ አይደለም፤ ስኳሩ ጠጥሯል፣ ብዩም እላዩ ላይ ቁጭ ይላል።