ስኪድ ሲያዝ ኮሌክቲቩን ዝቅ

ጠያቂው የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ውጭ አገር ሄሊኮፕተር ማብረር ይማራል። ሆቨር፣ ማለትም አየር ላይ ባሉበት መቆምን፣ ሲለማመድ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ የቀኙ ስኪድ (የምታርፍበት ረጅም የብረት እግር) ሣር ውስጥ ተያዘበት። ሳይክሊኩን (ወደ ጎንና ወደ ፊት የሚያጋድላትን መሪ) እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ገፋ፤ ልላቀቅ ብሎም ኮሌክቲቩን (ከፍና ዝቅ የሚያደርጋትን የእጅ ማንሻ) ሳበ። ሄሊኮፕተሯ በጎኗ ተገለበጠች፤ እሱም አስተማሪውም ተርፈዋል። «መነሣቴ እንዴት ጥፋት ሆነ? አገሬ ስመጣስ ደጋው ላይ ብለማመድ ልዩነት አለው?» ይላል።

እንኳን እግዜር አተረፋችሁ፣ ወንድሜ።

አየር ላይ ሳለች ሄሊኮፕተሯ የምታጋድለው በራሷ ክብደት መሐል ዙሪያ ነው። ስኪዱ ሲያዝ ግን የምትዞረው በዚያ ስኪድ ላይ ይሆናል። ያኔ ኮሌክቲቭ በሳብህ ቁጥር የጨመርከው ጉልበት አያነሣትም፤ ይገለብጣታል። አንድ እግሯ የታሰረ ዶሮ ልትበር ስትል በጎኗ እንደምትወድቀው ነው። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ካጋደለች በኋላ ሙሉ የግራ ሳይክሊክም አይመልሳትም። ይህ ደግሞ ለዓይን ኢምንት ነው፤ ሞተሯ ጠፍቶ ብትቆም እንዲህ ያለ ማጋደል አይጥላትም።

ስለዚህ ኮሌክቲቩን ዝቅ አድርግ። ጉልበቱ ሲቀንስ የገዛ ክብደቷ መልሶ ያስቀምጣታል። ግን ባንዴ አትልቀቀው፤ በሌላው ስኪድ ነጥራ ወደዚያ ልትገለበጥ፣ ወይም ሮተሩ (ከላይ የሚሽከረከረው ትልቁ ክንፍ) ጭራዋን ሊመታ ይችላል።

ወደ ቀኝ መሄዷም አይግረምህ። ከላይ ሲታይ ሮተሩ ወደ ግራ በሚዞር ሄሊኮፕተር ጭራዋ ላይ ያለው ትንሹ ሮተር ወደ ቀኝ ይገፋታል። በሩሲያ ሠራሾቹ በእነ ሚ-8 ተገላቢጦሽ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ላንተ መስጠት ግን አልወድም። ጀማሪ ሲደነግጥ ኮሌክቲቭ ይስባል፤ ይህን የማያውቅ አስተማሪ የለም። የእሱ እጅ እዚያው ኮሌክቲቩ አጠገብ ሆኖ መሳቡን ማገድ ነበረበት።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አብራሪዎች በሚጠቀሙበት መደበኛ የአየር ስሌት በዚህ ከፍታ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ መሆን አለበት። ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ከሆነ ለሮተሩ አየሩ የ3,600 ሜትር ያህል ይሳሳል። ትንንሾቹ የማሠልጠኛ ሄሊኮፕተሮች እዚያ የሚተርፍ ጉልበት የላቸውም፤ ስለዚህ በሁለት ሰው ጭነት ቀትር ላይ ሆቨር አትሞክር።

መሬቱ ደግሞ የባሰ ነው። በክረምት ጥቁሩ መረሬ ስኪድ ይውጣል። በመንዝ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ጉጥ እንዳንተው ሣር ጠልፎ ይይዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ለሮተሩ ይመቻል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ውጭ ያደረች ሄሊኮፕተር ስኪዷ በውርጭ ከእርጥብ መሬት ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ከመነሣትህ በፊት ዞረህ ሁለቱንም ስኪድ እይ። ከዚያ ኮሌክቲቩን በጥቂት በጥቂቱ እየሳብህ ክብደቷ ቀለል ሲል አፍንጫዋን የሚያዞረውን የእግር ፔዳል ግራና ቀኝ ነካ ነካ አድርግ። አፍንጫዋ ከተንቀሳቀሰ ተላቃለች፤ አንዱ ጎን ብቻ ከተነሣ ግን መልሰህ አስቀምጣት።