«ማታ ማታ ያለቅሳል፤ እኔም አብሬው አለቅሳለሁ»

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትንሹ ገና 6 ሳምንቱ ነው። ቀን ደህና ይውላል፤ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ግን ይጀምረዋል። ፊቱ ቀልቶ፣ እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ እስከ 4 ሰዓት ያለቅሳል። አጠባዋለሁ፣ አስገሳዋለሁ፣ እሹሩሩ እላለሁ፤ ወይ ፍንክች። እህቱ 2 ዓመት ከ3 ወሯ ነው። እሱ ከተወለደ ወዲህ ምግብ እምቢ ትላለች፣ በሆነ ባልሆነው መሬት ላይ ትንፈራፈራለች፣ ትናከሳለች። ሽንቷ ሲመጣ መናገር ጀምራ ነበር፤ አሁን ልብሷ ላይ ትሸናለች። እሱን ሳጠባ ዝም እንድትልልኝ ስልክ እሰጣታለሁ። ለማንም ያልነገርኩት ደግሞ አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሌሊት አልተኛ ሲለኝ ብብቱን ይዤ ልነቀንቀው ምንም አልቀረኝም ነበር። ደንግጬ አልጋው ላይ አስቀመጥኩትና ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። መጥፎ እናት ነኝ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ደብዳቤዎን የጻፉት ለእሱ እንደሆነ ይሰማኛል።

መጥፎ እናት አይደሉም። እንዲያውም በዚያ ሌሊት ያደረጉት፣ እኛ ሐኪሞች እያንዳንዱ ወላጅ እንዲያውቀው የምንለምነውን ነው። ንዴቱ ሲመጣ ልጁን አስቀምጠው ወጡ። የሚያለቅስ ሕፃን በጀርባው ተኝቶ፣ ምንም በሌለበት አልጋው ላይ ለ10 ደቂቃ ብቻውን ቢያለቅስ አይጎዳም። ቢነቀነቅ ግን ሊሞት ይችላል። የጨቅላ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና አልጸናም። ሲነቀነቅ አንጎሉ ከራስ ቅሉ ጋር ወዲያና ወዲህ ይላተማል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ አንጎሉ ውስጥና ዓይኑ ጀርባ ደም ይፈስሳል። ለዚህ ጥቂት ሰከንዶች ይበቃሉ። ከሞት የተረፈውም ማየት ወይም መራመድ ሊያቅተው ይችላል።

ይህን የምጽፈው ላስፈራራዎት አይደለም። ልጃቸውን የሚወዱ፣ ግን ለሳምንታት ያልተኙ ሰዎች እዚያ ጠርዝ ላይ እንደሚደርሱ ስለማውቅ ነው። ስለዚህ ያ ሌሊት ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል አስበው ከወዲሁ ይዘጋጁ። ንዴቱ ጉሮሮዎ ላይ ሲደርስ ያስቀምጡት፤ በሩን ገርበብ አድርገው ይውጡ፤ ፊትዎን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ፤ ለባልዎ ወይም ለሚያምኑት ሰው «ና ተቀበለኝ» ይበሉ። ልብዎ ሲረጋጋ ተመልሰው ይዩት። ይህን ዘዴ ልጁን የሚይዝ ሁሉ ይወቀው፤ አባቱም፣ አያቱም፣ ሞግዚቷም።

አሁን ወደ ለቅሶው እንሂድ። የነገሩኝ ሰዓት፣ ዕድሜውና አኳኋኑ አንድ ላይ ሲታዩ በደንብ የምናውቀው ነገር ነው። ጤነኛ ሕፃን በ2ኛው ሳምንት አካባቢ ለቅሶ እየጨመረ ይሄዳል፤ በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት መካከል ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያ እየቀነሰ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይረግብለታል። ምሽት ላይ መባሱም የተለመደ ነው። ሞሪስ ዌሰል የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1954 እ.ኤ.አ. አንድ መለኪያ አስቀምጦ ነበር፦ በደንብ የሚመገብና ጤነኛ የሆነ ሕፃን በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ ካለቀሰ «ኮሊክ» ይባላል። ዛሬም ብዙ ሐኪሞች ይህን ያስታውሳሉ። የሆድ ቁርጠት እያልን ብንጠራውም መነሻው ሆድ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም። እግሩን የሚሰበስበውና ፈሱን የሚያወጣው ከለቅሶው የተነሳም ሊሆን ይችላል፤ ሲያለቅስ አየር ይውጣል።

ማለትም እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም። ወተትዎ አልከፋም፤ «ስላቀፍሽው ለምዶ ነው» የሚሉዎትንም አይስሟቸው። በዚህ ዕድሜ ሕፃን በእቅፍ ብዛት አይበላሽም።

እንግዲህ መላው ምንድን ነው? ለቅሶውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ጋዝ ያወጣል ተብሎ የሚሸጠው ሲሜቲኮን የሚባለው ጠብታ እንኳ ሲጠና መድኃኒት ከሌለበት ጠብታ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። የሚያስታግሱት ቀለል ያሉ ነገሮች ናቸው። 12 ሰዓት ከመድረሱ በፊት መብራቱን ቀነስ፣ ድምፁን ዝቅ ያድርጉ። ደረትዎ ላይ ልብሱን አውልቀው፣ ቆዳው ቆዳዎን ነክቶ ይያዙት። ቀጥ አድርገው አቅፈው በዝግታ ይመላለሱ። ጆሮው ስር ረዘም ያለ «ሽሽሽ» ይበሉ። አንድ ወላጅ ብቻውን ሦስት ሰዓት አይችለውም፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተቀያየሩ። ዛሬ የሠራው ነገ ላይሠራ ይችላል፤ አይገርምዎት። ውሃ፣ የተቀቀለ ቅጠል፣ የሚያስተኛ ሽሮፕ አይስጡት። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል። ማር ደግሞ 12 ወር እስኪሞላው በፍጹም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ነርቭን የሚያሽመደምድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ሲተኛ ሁልጊዜ በጀርባው፣ ጠንከር ያለና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ይተኛ። ትራስ፣ ለስላሳ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አጠገቡ አይኑር። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ደክሞዎት ሳለ ሶፋ ላይ አቅፈውት እንዳያንቀላፉ። ለሕፃን ከሁሉ አደገኛ ከሆኑት የመኝታ ቦታዎች አንዱ እሱ ነው።

ልጁን በዓይኔ ስላላየሁት ግን ለቅሶው ሁሉ ኮሊክ ነው ብዬ ልዝጋው አልችልም። የሚከተሉትን ካዩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይሮጡ። የሙቀት መጠኑ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፤ ከ3 ወር በታች ላለ ሕፃን ትኩሳት ራሱን የቻለ ድንገተኛ ጉዳይ ነው፤ ማስታገሻ ሰጥቶ እስኪነጋ አይጠበቅም። ጡት መሳብ ከተወ ወይም ዝልፍልፍ ካለ። አረንጓዴ ካስመለሰ፤ ሰገራው ደም ካለበት። እርግብግቢቱ ካበጠ። በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ (ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ) ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ። ሽንቱ ከቀነሰ። እንዲሁም ለቅሶው ከወትሮው የተለየ፣ ድንገት የጀመረና በምንም የማይቆም ከሆነ።

ለዚህ ለመጨረሻው አንድ ነገር ላጫውትዎት። የ2 ወር ሕፃን «ከጠዋት ጀምሮ አለቀሰ» ተብሎ መጣልኝ። ጆሮውን አየሁ፣ ሆዱን ዳሰስኩ፤ ምንም የለም። ካልሲውን ሳወልቀው የእግሩ አንድ ጣት አብጦ ወይን ጠጅ መስሏል። አንዲት የእናቱ ፀጉር ጣቱን ዙሪያውን ጠምጥማ፣ ሥጋው ውስጥ ገብታ ነበር። ከወሊድ በኋላ የእናት ፀጉር በብዛት ይረግፋል፤ ካልሲና ጓንት ውስጥ ይገባል። ፀጉሯን ቆርጠን ስናወጣት ልጁ ክንዴ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ስለዚህ ለቅሶው ግራ ሲገባዎት ልብሱን ሙሉ በሙሉ ያውልቁ። የእጅና የእግር ጣቶቹን፣ ብልቱን፣ ብሽሽቱን ይዩ። ብሽሽቱ ላይ ጠንከር ያለ እብጠት ካለ እሱም ሐኪም ቤት ያስኬዳል።

አሁን ደግሞ ወደ ትልቋ። ትልቋ እላለሁ እንጂ እሷም ሕፃን ናት፤ ወንድሟ ሲመጣ ድንገት ትልቅ ተባለች። የእናቷን እቅፍ የሚሻማ እንግዳ ቤቷ ገባ፤ እንግዳው ደግሞ አይሄድም። ይህን የምትናገርበት ቃል የላትም። በዚህ ዕድሜ ሁለትና ሦስት ቃል መገጣጠም ትጀምራለች እንጂ «ቀናሁ፣ ናፈቅሽኝ» ማለት አትችልም። ስለዚህ በጥርሷና በሽንቷ ትናገራለች። ልብሷ ላይ መሽናቷ ወደ ሕፃንነት መመለስ ነው፤ ታናሽ ሲወለድ በብዙ ልጆች ላይ እናየዋለን። አይቆጧት፤ አያሳፍሯት። ዳይፐር መልሰው ቢያደርጉላትም ነውር የለውም። ጊዜው ሲደርስ ትመለስበታለች። ስትሸና የሚያማት ከሆነ፣ ትኩሳት ካላት ወይም ውሃ ጥም ከበዛባት ግን ሽንቷ ይመርመር።

መሬት ላይ ስትንፈራፈር ብዙ አያውሩ። አንጎሏ በዚያ ሰዓት ምክር አይሰማም፤ ንዴትን የሚገታው የአንጎል ክፍል ገና እየተሠራ ነው። የምትመታበትን ነገር ከአጠገቧ ያንሱ፤ ዝቅ ብለው አጠገቧ ይቀመጡ። «ተናደድሽ አይደል? መውጣት ፈልገሽ ነበር» ማለት ይበቃል። የከለከሏትን ነገር በለቅሶዋ ብዛት አይስጧት፤ ከሰጧት ነገ የበለጠ ታለቅሳለች። ሲበርድላት እቅፍ ያድርጓት፤ ስለተፈጠረው ነገር ወቀሳ አያንሱ። መምታት አያስተምራትም፤ ትልቅ ሰው ሲናደድ እንደሚማታ ብቻ ታያለች። ስትነክስ እጇን ይዘው፣ ዓይኗን እያዩ «አይነከስም። ያማል» ይበሉና ወዲያው ዘወር ያድርጓት። ሁለቱን ለአፍታም ቢሆን ብቻቸውን አይተዋቸው። ክፋት ኖሯት ሳይሆን ጉልበቷን ስለማታውቀው ነው።

ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ ይያዙ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፦ በቀን 15 ደቂቃ ለእሷ ብቻ ይስጡ። ሕፃኑን አባቱ ይዞ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ሆኖ፣ ጨዋታውን እሷ መርጣ። ሲያጠቡ ደግሞ ያኔ ብቻ የሚወጣ አንድ ሳጥን ያዘጋጁላት፤ ሥዕል ያላቸው መጻሕፍት፣ ባዶ ዕቃዎች፣ ክዳኖች። አጠገብዎ ሆና ትጫወት። ስለ ስልኩ ብዙ አይጸጸቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለ2 ዓመት ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰም ቁጥር የተሻለ እንደሆነ ይላል። ሳጥኑ ሲለመድ ሰዓቱ ራሱ ይቀንሳል።

ምግቡን በተመለከተ፣ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። እድገቷ ሲረጋጋ ረሃቧም ይቀንሳል። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ እርስዎ ይወስኑ፤ ምን ያህል እንደምትበላ ለእሷ ይተዉላት። ማንኪያ ይዞ ማሳደድ ምግብን ጦርነት ያደርገዋል። አዲስ ምግብ 10 እና 15 ጊዜ ቀርቦላት ነው አንዳንዴ የምትቀምሰው። የላም ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የምትጠጣ ከሆነ ይቀንሱት፤ ሆዷን ይሞላል፣ የብረት እጥረትም ያመጣል። ክብደቷ እየቀነሰ ከሄደ ወይም ከገረጣች ትታይ።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። እንቅልፍዎን ቅንጦት አድርገው አይቁጠሩት። ከባልዎ ጋር ሌሊቱን ይከፋፈሉ። ለምሳሌ 3 ሰዓት ላይ አጥብተው ይተኙ፤ የታለበ ጡት ካለ እስከ 7 ሰዓት ድረስ ሕፃኑ የአባቱ ነው። አራት ሰዓት ያልተቆረጠ እንቅልፍ ሰውን ምን ያህል እንደሚቀይር በየቀኑ አያለሁ።

በወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ የተለመደ ነው፤ 2 ሳምንት ሳይሞላ ያልፋል። እርስዎ ግን 6 ሳምንት ሆኖዎታል። ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ የሚልዎት ከሆነ፣ ድሮ የሚያስደስትዎት ነገር ሁሉ ከጠፋብዎት፣ «እኔ ባልኖር ይሻላቸው ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ የድካም ነገር ብቻ ላይሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቅርቡ ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ በብዛትም ድባቴ ነው። ይታከማል፤ ጡት እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ። ራስዎን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ካለ በዚያው ቀን ይሂዱ፤ ብቻዎን አይሂዱ።

የትንሹ የክትትል ቀጠሮ በዚህ ሰሞን መሆን አለበት። ሲሄዱ ክብደቱ ይታያል፣ ይመረመራል። እሱ ታይቶ ሲያልቅ አይነሱ። «ዶክተር፣ እኔንም ስሙኝ፤ ልጄን ልነቀንቀው ምንም አልቀረኝም ነበር» ይበሉ። ልክ ለእኔ እንደጻፉልኝ፣ ቃሉን ሳይቀይሩ።