ፖሊሲው ሠራ፣ ፋይሉ ግን ንቅንቅ አላለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስልሳ ያህል ኮምፒውተር ባለው መሥሪያ ቤት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ሁሉም ሰው አውትሉክ ነው የሚጠቀመው። በቅርቡ የአንድ ሠራተኛ ሃርድ ዲስክ ተበላሽቶ የሦስት ዓመት ኢሜይሉ ጠፋ። አለቃዬም «ሁሉንም ወደ ሰርቨር አምጣውና ባክአፕ ይያዝ» አሉኝ። በግሩፕ ፖሊሲ (የሁሉንም ኮምፒውተር ቅንብር ከአንድ ቦታ በሚያዝዘው) የፒኤስቲ ፋይል (አውትሉክ ኢሜይል የሚያከማችበት) ዲፎልት ቦታን የሰርቨሩ ሼርድ ፎልደር አደረግሁት። ሁለት ነገር ገጠመኝ። የድሮዎቹ ፋይሎች ካሉበት አልተነቃነቁም። አዲስ የገቡት አራት ሠራተኞች ፋይላቸው ሰርቨሩ ላይ ተፈጥሯል፤ ግን አውትሉካቸው ጠዋት ጠዋት ስታክ ያደርጋል። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ስህተት አይደለም። ፖሊሲው የሚለው «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ፋይል ስትፈጥር እዚህ ፍጠር» ነው። የነበረውን አይነካም። የእያንዳንዱ ፋይል ሙሉ አድራሻ ቀድሞ በሠራተኛው የአውትሉክ ፕሮፋይል ውስጥ ተጽፏል፤ አውትሉክ በተከፈተ ቁጥር የሚሄደው ወደዚያ ነው። ፖሊሲው ለሚወለደው ቤት ያዘጋጃል እንጂ የኖረውን ቤት አያስለቅቅም።

የአንተ ፖሊሲ መድረሱን በአዲሶቹ አይተሃል። ለሌላው አንባቢ ግን ልንገር፤ ይህ ፖሊሲ ያለው በዩዘር ኮንፊገሬሽን ሥር፣ በአውትሉክ ቴምፕሌት ውስጥ፣ ፒኤስቲ ሴቲንግስ የሚባለው ጋ ነው። የተጠቃሚ ፖሊሲ ስለሆነ የሚያያዘው ተጠቃሚዎቹ ካሉበት ኦዩ (ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች በቡድን የሚመደቡበት ክፍል) ጋር ነው። ኮምፒውተሮቹ ካሉበት ጋር አያይዞ ሁለት ቀን ሙሉ ሲገረም የዋለ ሰው አውቃለሁ። በየጠዋቱ ፊቴን ስታጠብ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ።

ሁለተኛው ነው የሚያሳስበኝ። ፒኤስቲ በኔትወርክ ላይ እንዲኖር የተሠራ ፋይል አይደለም። ማይክሮሶፍትም ሠራተኛው ከራሱ ኮምፒውተር ሆኖ በኔትወርክ የሚከፍተውን ፒኤስቲ እንደማይደግፍ ከተናገረ ቆይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አውትሉክ ፋይሉን እንደ ሰነድ አንዴ ከፍቶ፣ አንብቦ፣ አይዘጋም። ቀኑን ሙሉ እዚህም እዚያም ቁራጭ ቁራጭ ያነባል፣ ይጽፋል። ዲስኩ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ሲሆን ይህ አይታወቅም። ሰርቨር ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዷ ቁራጭ በኔትወርኩ ደርሳ ትመለሳለች። ጠዋት ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሲከፍት ደግሞ ወረፋ ይሆናል። አራት ሰው ይህን ካሳየህ ስልሳ ሰው ምን እንደሚያሳይህ አስበው።

ዝግታውስ ይቻላል። የማይቻለው የፋይሉ መበላሸት ነው። ድሮ የሠራሁበት ቦታ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ 19 ጊጋባይት የሆነ ፒኤስቲ ሰርቨር ላይ ነበራት። ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፣ ልክ እንዳንተ ባክአፕ ብዬ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሮቹን ከኔትወርኩ የሚያገናኘው ስዊች ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጠፍቶ በራ። የሌላው ሰው ዎርድና ኤክሴል ብዙም ሳይጎዳ ተመለሰ። የእሷ አውትሉክ «ፋይሉ ላይ ስህተት ተገኝቷል» ብሎ አልከፍት አለ። ስካንፒኤስቲ የሚባለውን መጠገኛ ማታ አስነስቼ ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ጨርሷል፤ ፋይሉም ተከፈተ። ግን ብዙ መልእክት ከየፎልደሩ ወጥቶ «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» የሚል አንድ ፎልደር ውስጥ ተዝረክርኳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትለቅም ከረመች። እኔም በበሯ ማለፍ ትቼ ነበር።

ስለዚህ ዛሬውኑ ፖሊሲውን ወደ ኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ መልሰው። ሁለተኛ ድራይቭ ካለ ዲ ላይ አድርገው፤ ግን መጀመሪያ ሁሉም ማሽን ዲ እንዳለው አጣራ። እኔ አላጣራሁም ነበር፤ ሲ ብቻ ያላቸው ላፕቶፖች ፋይሉን መፍጠር አቅቷቸው ስልኬ ሲጮህ ዋለ። አንዱን ኮምፒውተር ሁለት ሰው የሚጋራው ከሆነ አድራሻው ውስጥ በሁለት ፐርሰንት ምልክት መሃል የሚጻፈውን «ዩዘርኔም» አስገባበት፤ ለየሰው የየራሱ ፎልደር ይሆናል። ሌላ ወጥመድም አለ። ከአውትሉክ 2010 ጀምሮ ፒኤስቲ ሲፈጠር ዲፎልት ቦታው ዶክዩመንትስ ውስጥ ያለ «አውትሉክ ፋይልስ» የሚባል ፎልደር ነው። ዶክዩመንትስን በፎልደር ሪዳይሬክሽን ወደ ሰርቨር ያዞርክ ከሆነ፣ ማንም ሳያዝ ፒኤስቲዎቹ ሰርቨር ላይ ናቸው ማለት ነው።

ሰርቨሩ ላይ የተወለዱትን አራቱን በእጅህ አምጣቸው። አውትሉክን ዝጋ፤ ታስክ ማናጀር ውስጥ እውነት መዘጋቱን እይ፣ አንዳንዴ መስኮቱ ጠፍቶ ፕሮግራሙ ከበስተጀርባ ይቀራል። ፋይሉን ኮፒ አድርግ እንጂ አታንቀሳቅስ። የድሮውን ስም ቀይረው። አውትሉክን ስትከፍተው ፋይሉን አጣሁት ይላል፤ አዲሱን ቦታ አሳየው። የድሮውን ለአንድ ሳምንት አትንካው፤ ሰውየው ምንም ጎደለኝ ካላለ ያኔ ታጠፋዋለህ።

አሁን ወደ አለቃህ። የፈለጉት ፒኤስቲ ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ አይደለም፤ ኢሜይል እንዳይጠፋ ነው። የመልእክት ሳጥናችሁ ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር) ወይም ማይክሮሶፍት 365 ላይ ከሆነ መልሱ ፒኤስቲን ማስቀረት ነው። በፒኤስቲ የታጨቀው መልእክት ወደ ሳጥኑ ይመለስ። ለዚህ ፒኤስቲ ሴቲንግስ ውስጥ ሁለት ፖሊሲ አለ፤ አንዱ ባለው ፒኤስቲ ላይ አዲስ ነገር መጨመርን ይከለክላል፣ ሌላው ፒኤስቲ ወደ ፕሮፋይል ማስገባትን። በመጀመሪያው ጀምር። ሰዎቹ ያላቸውን እያነበቡ ይቆያሉ፤ አንተም መልእክቱን ቀስ ብለህ ወደ ሳጥኑ ትመልሳለህ። ሁለቱን በአንድ ቀን ብትጭን ቢሮህ ገበያ ይሆናል።

በፖፕ (ኢሜይሉን ከሰርቨሩ ወደ ኮምፒውተሩ በሚያወርደው መንገድ) የምትቀበሉ ከሆነ ግን ያ ፒኤስቲ ብቸኛው ቅጂ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይኑር፤ ቅጂው ብቻ በስክሪፕት ወደ ሰርቨር ይሂድ። አውትሉክ ክፍት እያለ ፋይሉ የተቆለፈ ስለሆነ ኮፒ የሚደረገው ከተዘጋ በኋላ ነው። ስክሪፕቱን ሠራተኛው ሲወጣ በየቀኑ አታስሩጠው። ሰው ቦርሳውን ይዞ 19 ጊጋባይት እስኪገለበጥ አይቆምልህም፤ ማጥፊያውን ተጭኖ ይሄዳል። ሌሊት፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የእኛ ችግር ኦኤስቲ (አውትሉክ የሰርቨሩን ሳጥን ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስቀምጥበት ፋይል) ነው። ሲ ድራይቭን ሞላው። በፖሊሲ ወደ ሌላ ድራይቭ ማዛወር ይቻላል?

መልስ፦ ለኦኤስቲም ተመሳሳይ ፖሊሲ አለ፤ እሱም የሚሠራው ለአዲስ ፋይል ብቻ ነው። ግን ኦኤስቲ ሰርቨሩ ላይ ያለው ሳጥን ቅጂ ስለሆነ ማዛወር ምን ያደርጋል? ማሳነስ ይሻላል። ከአውትሉክ 2013 ጀምሮ ስንት ወር ያህል መልእክት ኮምፒውተሩ ላይ እንደሚቀመጥ መወሰን ይቻላል፤ ይህንንም በፖሊሲ ማዘዝ ትችላላችሁ። እኔ 12 ወር አደርገዋለሁ። የቆየው ሰርቨሩ ላይ አለ፣ ሲፈለግ ይመጣል። ከዚያ ፋይሉ በራሱ ስለማይኮማተር አውትሉክን ዘግታችሁ ኦኤስቲውን አጥፉት፤ እንደገና ይሠራዋል። ከማጥፋታችሁ በፊት አውትቦክስ ባዶ መሆኑንና ከታች «ሁሉም ፎልደር ተሟልቷል» የሚለውን እዩ። የሁሉንም ሰው በአንድ ጠዋት እንዳታጠፉ ደግሞ። ሁሉም አንድ ላይ ማውረድ ከጀመረ ኢንተርኔታችሁን ተሰናበቱት።

ጥያቄ፦ የአለቃችን ፒኤስቲ 50 ጊጋባይት ሞልቶ አልቀበልም አለ። ገደቡን በፖሊሲ ልጨምርላቸው?

መልስ፦ ይቻላል፤ የሚጻፈው በሜጋባይት ነው። እኔ ግን አልጨምርም። በአውትሉክ 2003 እና 2007 ገደቡ 20 ጊጋባይት ነበር፣ ያኔም ይበዛ ነበር። አዲስ ፒኤስቲ ክፈትላቸውና የቆየውን በየዓመቱ እየከፈልክ አውጣ። በላከው ሰው ሳይሆን በዓመት ክፈለው፤ አለቃ የሚያስታውሰው «ያኔ አምና» ብሎ ነው።