ከኪራይ እስከ ውክልና፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ጥብቅና ላይ ነኝ። ስለ አዲሶቹ ሕጎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ተከራይቼ ነው የምኖረው። አከራዬ ከሚቀጥለው ወር 4,000 ብር ጨምሪ፣ ካልሆነ ልቀቂ አሉኝ። የተዋዋልነው በቃል ነው።

መልስ፦ በፈለጉ ጊዜ ተነስተው መጨመር አይችሉም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፤ መጠኑንም የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። የቃል ውል መሆኑ ግን ማስረጃ ያሳጣሻል። የከፈልሽበትን የባንክ ደረሰኝ ወይም የቴሌብር መልእክት ሰብስበሽ ወረዳ ሂጂ። ከእንግዲህ በእጅ ብር አትስጪ።

ጥያቄ፦ ቤት ልገዛ ነው። ካርታው በባልየው ስም ብቻ ነው። ሚስቱ ዱባይ ናት። «እሷ ታውቃለች፣ ችግር የለም» ይለኛል። ቀብድ ልስጥ?

መልስ፦ እባክህ አትስጥ። ይኼኛው ሕግ እንኳን አዲስ አይደለም፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከወጣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሰው ግን ዛሬም ይጎዳበታል። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማችው ሚስት ሽያጩን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ ይፍረስልኝ ብላ መክሰስ ትችላለች።

አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ውል ይዛ መጥታ ነበር። ደላላ ቤት የተጻፈ ነው። የሦስት ምስክሮች የጣት አሻራ በሰማያዊ ቀለም ተደርድሯል። «የሻጭ ባለቤት» ከሚለው ጽሑፍ ፊት ለፊት ግን ምንም የለም። ያቺን ባዶ መስመር ሳይ ሆዴ ነው የተላወሰው። ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ብር ነበር።

ስለዚህ ሚስትየዋ ራሷ በቆንስላው በኩል ቤቱን ለመሸጥ የሚያስችል ውክልና ትላክ። የዕዳና እገዳ ማጣሪያ አስወጣ። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ተፈራረሙ። ሻጩ ይህን ሁሉ እምቢ ካለ፣ ቤቱ ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ሳዑዲ ነው የምሠራው። ለወንድሜ ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼዋለሁ። ቤቴን ሊሸጥብኝ ይችላል?

መልስ፦ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው። ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ግን እዚያው ወረቀት ላይ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» የሚል ይጨመራል። አንብበሽ ፈርመሻል? አሁኑኑ ቅጂውን አውጥተሽ እዪው። ካለበት መሻር ትችያለሽ። መሻሩን ለወንድምሽም፣ ውክልናው ለተመዘገበበት ቢሮም በጽሑፍ አሳውቂ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው የያዝኩት። ቤት ለመግዛት 150,000 ዶላር ግድ ነው ይላሉ።

መልስ፦ እሱ በ2017 ዓ.ም. ለውጭ ዜጎች የወጣው አዋጅ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆንክ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቤት የማፍራት መብት አለህ። ቢጫ ካርድህን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያህን፣ አውጣ።

ጥያቄ፦ ደሞዜ 9,000 ብር ነው። የደሞዝ ግብሩ ለውጥ ለቤተሰቤ ምን ጠቀመ?

መልስ፦ በወር 345 ብር። ድሮ 1,745 ይቆረጥብህ ነበር፤ አሁን 1,400 ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። ኤጀንሲው ለቪዛና ለቲኬት ክፈሉ አለን። በሬዬን ልሽጠው?

መልስ፦ እናቴ፣ በሬውን አይሽጡ። ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራ ፈቃድና መድን በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የአሠሪው ወጪ ነው። ልጅዎ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የልደት ማስረጃ ያለውን ነው። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄደው ይጠይቁ። ውሉንም በምትረዳው ቋንቋ አንብባ ትፈርም፤ አንድ ቅጂ እርስዎ ጋ ይቅር።