የታቀፈች ዶሮ የተገዛ ጫጩት ትቀበላለች?

እህቴ፣ «ዶሮዬ ታቅፋለች፤ የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼ ብሰጣት ታሳድግልኛለች ወይስ ነክሳ ትገድልብኛለች?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ታሳድግልሻለች። እኔም ለዓመታት ያሳደግኩት እንደዚያ ነው። ብቻ ሰዓቱንና ዕድሜውን ጠብቂ።

ትናንት ገና የተቀመጠች ዶሮ አትሆንሽም። ሁለት ሳምንት ገደማ የታቀፈች ትሻላለች። እጅሽን ከሥሯ ስትከቺ ላባው የረገፈ ትኩስ ቆዳ ከነካሽ፣ እሷም ተነፋፍታ እያጉረመረመች ንቅንቅ ካላለች ደርሳለች። እንደ ቦቫንስ ያሉት የእንቁላል ዝርያዎች መታቀፉን ከነጭራሹ የረሱ ናቸው ማለት ይቻላል። ለዚህ ሥራ የሀበሻ ዶሮን የሚያክል የለም።

ድፍን አድርጎ ሲመሽ፣ መብራት ሳታበሪ፣ እንቁላሉን እያወጣሽ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ከሥሯ አስገቢ። እነሱ ጭው ጭው ሲሉ የእሷ ማጉረምረም ይቀርና ዝቅ ያለ «ቁቅ፣ ቁቅ» ይተካል። ያንን ከሰማሽ ሂጂና ተኚ። ጎህ ሲቀድ ግን እያት፤ መንቆር ከጀመረች ወዲያው አውጪያቸው።

ዕድሜው ለምን ወሳኝ ሆነ? ጫጩት እናቱን የሚለየው በተፈለፈለ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ነው። ያኔ ያየውን ይከተላል። ስለዚህ በየሰፈሩ የሚሸጠውን የ45 ቀን ጫጩት ይዘሽ እንዳትመጪ። እሱም አይከተላትም፣ እሷም አታስጠጋውም።

«አምፖል እያለ እናት ምን ታደርጋለች?» የሚሉ አሉ። አምፖል ያሞቃል እንጂ አያስተምርም። ዶሮዋ ትል ስታገኝ አትውጠውም፤ ታነሳዋለች፣ ትጥለዋለች፣ መልሳ ታነሳዋለች፣ እየጠራች። ጫጩቶቹ ተንጋግተው ይመጣሉ። ያኔ በእንግሊዝ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ተመራማሪ ክርስቲን ኒኮልና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ጫጩቶቹ እሷ የማይበላ ብላ ያወቀችውን ቀለም ያለውን መኖ ሲለቅሙ እናትየዋ ጥሪዋን እንደምታበዛ አይተዋል። ሰማይ ላይ ጭልፊት ሲያንዣብብ የምታሰማው ጩኸት ደግሞ ሌላ ነው። ሁሉም ከክንፏ ሥር ይገባሉ።

መኖ ላይ ተጠንቀቂ። እሷ የጫጩት መኖ ብትበላ ችግር የለውም። እነሱ ግን የእንቁላል ጣይ መኖ አይብሉ፤ ካልሲየሙ በዝቶ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። የፈንግል ክትባቱንም እናት አላቸው ብለሽ አትዝለይው።

ከወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ መንቆርና ማባረር ትጀምራለች። ጨከነች ብለሽ አትደንግጪ፣ ጡት ማስጣሏ ነው። ማደሪያቸውን ለዪላቸው። እሷም ብዙ ሳትቆይ ወደ እንቁላሏ ትመለሳለች።