ከላዳ ወደ ቪትዝ፦ መሪው ለምን ባዶ ሆነብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ላዳ ታክሲ ነድቻለሁ። ባለፈው ዓመት ሸጥኳትና ለራይድ ሥራ የ2003 ስሪት ቪትዝ ገዛሁ። ከተማ ውስጥ ተመችታኛለች፤ መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ 100 ስደርስ ግን ፍርሃት ይይዘኛል። መሪው ባዶ ነው። እጄና ጎማው የተገናኙ አይመስለኝም። ቀጥ ብላ አትሄድልኝም፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ልጄ የ1998 ስሪት ኮሮላ አላት። እሱንም ነዳሁት፤ መሪው ቀላል ነው፣ ግን መንገዱ ይሰማኛል። አንድ ጋራዥ ሄጄ የመሪ ቲራንት (መሪውን ከፊት ጎማ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ቀይር አሉኝ። አስቀየርኩ፣ ከፈልኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። መኪናዋ ናት የተበላሸችው ወይስ አዳዲሶቹ ሁሉ እንዲህ ናቸው?
የቀድሞ ላዳ ነጂ፣ ከሳሪስ

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላዳ፣ ኮሮላ፣ ቪትዝ። ሳያስቡት የሦስት ዘመን መሪ ነው የጻፉልኝ። ሦስቱም እኔ ጋራዥ ገብተው ያውቃሉ፤ ስለዚህ በተራ ልሂድ።

ላዳ ምንም አጋዥ የላትም። የፊያት 124 ልጅ ናት፤ ከ1970 ጀምሮ ሩሲያ ውስጥ ተሠርታለች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መሪውን ሲያዞሩ በአንድ የማርሽ ሳጥን በኩል ጎማውን የሚያዞረው የእርስዎ ክንድ ብቻ ነው። ቆማ ሲያዞሯት ትከሻ ትጠይቃለች። መንቀሳቀስ ስትጀምር ግን ትቀላለች፣ ያኔ የመንገዱ ጠጠር ሁሉ እጅ ውስጥ ይገባል። እርስዎ የለመዱት ይህን ነው።

የልጅዎ ኮሮላ በዘይት የሚታገዝ ነው። ይህ አሠራር በመኪና ገበያ ላይ የወጣው በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ሞተሩ በቺንጋ አንድ ፖምፓ ያዞራል፤ ፖምፓው ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ መሪውን ያግዛል። ይህንን በእጅ ማየት ከፈለጉ ኮሮላውን ሞተር ሳያስነሱ መሪውን ለማዞር ይሞክሩ። እንደ ላዳ ይከብዳል። መሪውን እንደያዙ ሞተሩን ያስነሱ፤ እጅዎ ላይ ሲለሰልስ ይሰማዎታል።

አሁን አንድ ነገር ላሳይዎ። ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ከተጣለ መሪ ያወጣሁት አንድ ቀጭን ብረት አለ። ከእስክሪብቶ ትንሽ ይወፍራል፣ ርዝመቱ ከመዳፍ አይበልጥም። ቶርሽን ባር ይባላል። አዲስ ልጅ ለሥራ ሲመጣ መጀመሪያ ይህን ነው የማስይዘው። አንዱን ጫፍ ሞርሳ ላይ አስሮ ሌላውን በመፍቻ እንዲጠመዝዝ አደርጋለሁ። ብረቱ ትንሽ ይጠማዘዛል፤ ሲለቁት እንደ ሞላ ይመለሳል። መሪ ውስጥ ያለው ሥራም ይኸው ነው። እርስዎ ሲያዞሩ ጎማው አስፋልቱን ይዞ እምቢ ይላል፣ መሃል ላይ ያለው ብረት ይጠማዘዛል። ኮሮላው ውስጥ ጠመዝማዛው የዘይት በር ይከፍታል፤ ብዙ ሲጠመዘዝ ብዙ ዘይት፣ ትንሽ ሲጠመዘዝ ትንሽ። መንገዱ ጎማውን ሲመታው ደግሞ ግፊቱ በዚያው መስመር ተመልሶ እጅዎ ጋ ይደርሳል። ዘይቱ መሸከሙን ያቀልልዎታል እንጂ መንገዱን አይዘጋብዎትም። ለዚህ ነው የልጅዎ መኪና ቀላል ሆኖ መንገዱ የተሰማዎ።

ቪትዝዎ ውስጥም ያው ብረት አለ። ግን የዘይት በር አይከፍትም። ምን ያህል እንደተጠመዘዘ የሚለካ ሴንሰር አለ፣ ልኬቱ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ለኤሌክትሪክ ሞተር ትእዛዝ ይሰጣል። ፖምፓ የለም፣ ቺንጋ የለም፣ የመሪ ዘይት የለም። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ያለው ከዳሽቦርዱ ሥር፣ እግርዎ አጠገብ ነው። መሪውን የሚያግዘው በማርሽ ስለሆነ መሪው አንዴ ሲዞር እሱ ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል። ከመንገዱ የሚመጣ ትንሽ ንዝረት እጅዎ ጋ ለመድረስ ይህን ሁሉ ማንቀሳቀስ አለበት። ትልቁ ጉድጓድ ይደርሳል። ትንሹ እዚያው ሞቶ ይቀራል። ባዶ ያሉት እሱን ነው፤ ልክ ነዎት፣ አልተሳሳቱም።

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ መጀመሪያ የመጣው በ1988 በሱዙኪ ሰርቮ ነው። የእርስዎ ዓይነት ቪትዝ ደግሞ በ1999 ወጣች። የዚያን ጊዜዎቹ የተሠሩት ትንሽ መኪና በጠባብ መንገድ በቀላሉ እንዲዞርና ነዳጅ እንዲቆጥብ ነው። የዘይቱ ፖምፓ መሪውን ባያዞሩትም ከሞተሩ ጉልበት ሲወስድ ይውላል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ሲያዞሩ ብቻ ነው የሚበላው። ከዚያ ወዲህ ሴንሰሩም ፕሮግራሙም ተሻሽሏል። አንዳንዶቹ መኪኖች ላይ ሞተሩ ከዳሽቦርድ ሥር ወርዶ ጎማው አጠገብ ገብቷል። ስለዚህ አዲስ ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ቪትዝዎ የዘመኗ ልጅ ናት።

ይህ ግን ባዶነቱን ነው የሚያስረዳው። ወዲያ ወዲህ ማለቷን አያስረዳም። ደህና የሆነች ቪትዝ 100 ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ስለዚህ እዚህ ላይ «የስሪቷ ጠባይ ነው» ብሎ የሚሸኝዎት መካኒክ ካለ አይስሙት።

ቪትዝ የሚለው ስም ጃፓን ውስጥ ይሸጥ ለነበረው መኪና የተሰጠ ነው፤ ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። የእርስዎ መሪ በግራ ከሆነ አንድ ቦታ ተቀይሯል ማለት ነው። በደንብ የተቀየረ ብዙ አይቻለሁ፤ ችግር የለውም። ግን ኮለኑ፣ ማለትም መሪውን የሚሸከመው ቱቦ፣ የታሰረበት ቦታ ላይ በእጅ የተበየደ ብረት፣ ወይም ከመሪው ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ መገጣጠሚያው ላይ የላላ ብሎን ያገኘሁበት ጊዜም አለ። ይህ ከባድ ነገር ነው። ከሁሉ በፊት መኪናዋን አስነስተው አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ መካኒኩ ደግሞ ከፔዳሎቹ በላይ ጎንበስ ብሎ ያንን ዘንግ በእጁ ይያዝ። ላይ ዞሮ ታች የሚዘገይ ነገር ካለ በእጁ ይሰማዋል። ካገኘ እስኪሠራ ድረስ ፈጣን መንገድ አይውጡ።

ቀጥሎ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል። ቲራንት አስቀይረው አላይመንት አሠርተዋል? ደብዳቤዎ ውስጥ የለም። ቲራንት ሲቀየር የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ መለወጡ አይቀርም። ፊታቸው ትንሽ ወደ ውጭ ከተከፈተ መኪናዋ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን ትከተላለች። የመሪው ልስላሴ ላይ ሲጨመር ያስፈራል። እንዲህ ከሆነ የከፈሉት ገንዘብ ነገሩን አባብሶት ሊሆን ይችላልና በጣም ነው የማዝነው።

ጎሚስታ ጋ ነፋስ ሲያስሞሉም በዓይን ግምት አይሁን። የነፋሱ ልክ የተጻፈበት ተለጣፊ ያለው በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ነው፤ መኪናዋ ስትሠራ ሹፌሩ በቀኝ ስለነበር በቀኙ በር በኩል ይፈልጉት። ቁጥሩ በኪሎ ፓስካል ነው የሚጻፈው፤ ለምሳሌ 230 ቢል በጎሚስታው መለኪያ 33 ገደማ ነው። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ የሚቀረው እጅዎ ነው። ይህን የምለው ስድስት ወይም ሰባት የላዳ ሹፌሮች ላይ ስላየሁት ነው። ያረጀች ላዳ መሪዋ ውስጥ ክፍተት አለው፤ ጎማው ሳይነቃነቅ መሪው ሁለት ጣት ያህል ባዶውን ይሄዳል። ሹፌሩ ሳያስበው ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ እያደረገ ቀጥ ያደርጋታል። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሲያደርግ የኖረ እጅ አይተወውም። ቪትዝ ውስጥ ያ ክፍተት የለም። እጅዎ የሚያደርጋት እያንዳንዷ ትንሽ ነገር ጎማው ላይ ትደርሳለች። መሪው ደግሞ ቀላል ስለሆነ ማዞርዎን እንኳ አያውቁትም። መኪናዋ ወዲያ ትላለች፣ እርስዎ ወዲህ ይመልሷታል፣ እንደገና ወዲያ።

እንዲህ ይሞክሩት። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ልጅዎ ቪትዟን ትንዳ፣ እርስዎ ጎኗ ይቀመጡ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት። መንገዱን አይዩ፤ እጇን ይዩ። እሷ ስትነዳ ቀጥ ካለች መኪናዋ ደህና ናት። ያን ጊዜ ቦታ ይቀያየሩ፣ ትከሻዎን ያውርዱ፣ መሪውን ሳይጨብጡ ይያዙ፣ ከፊትዎ ካለው መኪና አልፈው ሩቅ ይመልከቱ። ለእሷም ወዲያ ወዲህ ካለች መኪናዋን ይዘው ይምጡ፤ ከሥሯ ገብቼ እኔው አያታለሁ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ አራት ወሬ ነው። ስክሪኑ ላይ መሪውን «ኮምፎርት» ወይም «ስፖርት» ማድረግ ይቻላል። ባለቤቴ ስፖርት ካደረግሽው ሞተሩ ይጎዳል ይለኛል። እውነት ነው?
እናት፣ ከሲኤምሲ

መልስ፦ አይጎዳም እህቴ። ስፖርት ሲያደርጉት የሚያግዘው ሞተር ያነሰ ያግዛል፣ መሪው ይከብዳል፤ ያ ብቻ ነው። መንገዱ የበለጠ አይሰማዎትም፣ ጎማውም የበለጠ አይይዝም። ከተማ ውስጥ ኮምፎርት ያድርጉት። ረጅም መንገድ ሲወጡ ከበድ ማለቱ ካረጋጋዎት ስፖርት ያድርጉት።

ሳይነኩት በድንገት ከከበደና የመሪ ምልክት ያለበት መብራት ከበራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላት፤ አብዛኞቹ ላይ መሪው የተያያዘው ከዚያኛው መስመር ጋር ነው። ትልቁ ባትሪ 90 ፐርሰንት እያሳየም ትንሹ ሊደክም ይችላል። መሪው አይቆለፍም፤ በሁለት እጅ ጠበቅ አድርገው ይዘው ቀስ ብለው ዳር ይያዙ። ከዚያ መጀመሪያ ትንሹን ባትሪ ያስለኩት።